የጥርስ ሕመም የሚመስለው የፊት ነርቭ ሕመም

በቅርያት ጋት ለወላጆችና ለአረጋውያን የተደረገ ንግግር

ባለፉት ስብሰባዎቻችን ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ግፊት ተነጋግረናል። የዛሬው ርእሳችን ግን ብዙ ያልተነገረለት ነው። በየቤቱ ስንዞር «ጥርሴን ነው»፣ «ምች መታኝ»፣ «ብርድ ገብቶኝ ነው» እየተባለ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በዝምታ የተቻለ የፊት ሕመም አጋጥሞናል። ስለዚህ ይህ ሕመም ስም እንዳለው፣ ሕክምናም እንዳለው ልንነግራችሁ ፈለግን።

በፊታችን በቀኝም በግራም ስሜትን ወደ አንጎል የሚያደርስ አንዳንድ ትልቅ ነርቭ አለ። ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች አምስተኛው ሲሆን ሦስት ቅርንጫፍ አለው። አንደኛው ወደ ግንባርና ወደ ዓይን አካባቢ፣ ሁለተኛው ወደ ጉንጭ፣ ወደ ላይኛው ከንፈርና ወደ ላይኛው ጥርስ፣ ሦስተኛው ወደ ታችኛው መንጋጋና ወደ ታችኛው ጥርስ ይሄዳል። ሐኪሞች ነርቩን «ትሪጌሚናል» የሚሉት ሦስት መንታ ለማለት ነው። ሕመሙን ደግሞ በዕብራይስጥ «ነውራልግያ ትሪጌሚናሊት» ይሉታል። ስሙን ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ ፊደል ጽፈው ቢሰጧችሁና በቦርሳችሁ ብትይዙት መልካም ነው።

ሕመሙ ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ነርቩ ከአንጎል ግንድ በሚወጣበት ቦታ ላይ አንድ የደም ሥር ተጠግቶ ይጫነዋል። የደም ሥሩ ከልብ ምት ጋር ሌትና ቀን ስለሚመታ የነርቩ ሽፋን ቀስ በቀስ ይላጣል። ፕላስቲኩ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲነኩት እንደሚፈነጥቀው፣ ሽፋኑ የተላጠ ነርቭም በትንሽ ነገር ይፈነጥቃል። ጥቂት ሰዎች ላይ ምክንያቱ ዕጢ ወይም በዕብራይስጥ «ታሬሼት ንፉጻ» የሚባለው የነርቭ በሽታ ሊሆን ይችላል። በተለይ በወጣት ላይ ሲታይ፣ ወይም ፊት ሲደነዝዝ፣ ሐኪሙ ይህን አጣርቶ ይመለከታል።

ሕመሙ በጣም የታወቀ ጠባይ አለው። በድንገት ይመጣል፣ ለጥቂት ሴኮንዶች፣ ቢበዛ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል። አንዳንድ ቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በአንድ በኩል ብቻ ነው። የሚቀሰቅሰውም ትንሽ ነገር ነው፤ ፊት መታጠብ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ ማኘክ፣ መናገር፣ ቀዝቃዛ ንፋስ፣ ጉንጭን በነጠላ ጫፍ መንካት። ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በኋላ ይጀምራል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። በዓመት ከ100,000 ሰዎች ከ4 እስከ 13 የሚሆኑትን እንደሚይዝ የሕክምና መጻሕፍት ይናገራሉ። ብዙ አይደለም። ነገር ግን ያመመው ሰው ከሚያውቃቸው ሕመሞች ሁሉ የከፋው ይህ እንደሆነ ይናገራል፤ የወለዱ እናቶችም ጭምር።

አሁን ስለ አንዲት እናታችን እንንገራችሁ። እንድናወራ ፈቅደውልናል፤ ስማቸውንና ሰፈራቸውን አንጠራም። እኚህ እናት በላይኛው ቀኝ መንጋጋቸው በኩል ያማቸው ጀመር። ጥርስ ነው ተብሎ አንዱን አስነቀሉ። ሕመሙ አልቀረም። ቀጥሎ ያለውን አስነቀሉ። እሱም አልበጀም። ሦስተኛው ሲነቀል ጥርሱ ደህና ጥርስ ነበር። ከዚያ በኋላ ዳቦ መብላት ተዉ፤ በቀኝ በኩል ማኘክ ስለማይችሉ በግራ፣ በኋላም ጨርሶ ማኘክ ፈሩ። ሰውነታቸው ከሳ። ሠርግም ለቅሶም መሄድ አቆሙ። ልጆቻቸው ከዘመድ ጋር የተቀያየሙ መሰላቸው። አንደኛው ልጅማ ሽማግሌ ሊልክ አስቦ ነበር። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ ጉንጭና ጉንጭ እየሳመ ሰላም ሲላቸው፣ እያንዳንዱ ስሞሽ ፊታቸውን እንደ መብረቅ ይመታቸው ነበር። ይህንን ለማንም አልተናገሩም።

ደህና ጥርስ ማስነቀል የእኛ ማኅበረሰብ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1677 በፓሪስ የእንግሊዝ አምባሳደር ባለቤት በዚሁ ሕመም ሲሠቃዩ፣ ፈላስፋውና ሐኪሙ ጆን ሎክ አይቷቸው ስለ ሕመማቸው ጽፏል። እሳቸውም ከዚያ በፊት ጥርስ አስነቅለው ነበር። ዛሬም በብዙ አገር ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጥርስ ሐኪም ነው። መሄዱ ስሕተት አይደለም፤ ጥርስ መታየት አለበት፣ ራጅም መነሣት አለበት። ነገር ግን ከመነቀሉ በፊት «ጥርሱ ላይ ያገኙት ጉዳት ምንድን ነው? በራጁ ላይ ያሳዩኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ጉዳት ካልታየ አይነቀል። አንዱ ተነቅሎ ሕመሙ ካልቀረ ደግሞ ሁለተኛውን አታስነቅሉ፤ ወደ ቤተሰብ ሐኪማችሁ ተመለሱ።

ዛሬ ከምንነግራችሁ ሁሉ ይህን አጥብቃችሁ ያዙልን። የስኳር በሽታ በደም ምርመራ ይታወቃል። የደም ግፊት በመለኪያ ይታወቃል። ይህ የፊት ነርቭ ሕመም ግን በደም ምርመራ አይታወቅም። ኤም አር አይ የሚባለው ምርመራ ይታዘዛል፤ እሱ ግን የሚፈልገው ምክንያቱን ነው፤ ዕጢ መኖር አለመኖሩን፣ የደም ሥር መጫን አለመጫኑን ለማየት ነው። ሕመሙን ራሱን ሐኪሙ የሚያውቀው ከታማሚው አፍ በሚሰማው ቃል ነው። ቃሉ ሲጠፋ ሕመሙም ሳይታወቅ ይቀራል።

እኛ ደግሞ ቃል የሌለን ሰዎች አይደለንም። አማርኛችን ለሕመም የሰጠው ስም ብዙ ነው። ይነዝረኛል፣ ይወጋኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይሰቀስቀኛል እንላለን። እያንዳንዱ ቃል የተለየ ነገር ይናገራል፤ አንድ የነርቭ ሐኪም ለመስማት የሚጓጓውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ክሊኒክ ስንገባ ይህ ሁሉ ቃል አንድ «ኮኤቭ» ሆኖ ይቀራል። «ሳፍታ፣ ማ ኮኤቭ?» «ሺናይም።» አለቀ። ከዚያ አካሞል ይታዘዛል፤ አካሞል ደግሞ ለዚህ ሕመም አይረዳም።

የቃሎቹን ልዩነት በአጭሩ እንመልከት። እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ መጥቶ የሚሄድ፣ በአንድ በኩል ብቻ የሆነ ሕመም የነርቩ ነው ብለን እንጠረጥራለን። ሌት የሚጠዘጥዝ፣ ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ ሲጠጣ የሚብስና ለረጅም ሰዓት የሚቆይ፣ ድድ ያበጠበት ሕመም ብዙውን ጊዜ የጥርስ ነው። ሳያቋርጥ የሚለበልብ፣ ከዚያ በፊት በዚያው ቦታ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወጥቶበት የነበረ ከሆነ ደግሞ የአልማዝ ባለጭራ ርዝራዥ ሊሆን ይችላል፤ ስለ እሱ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለት ነገሮች ግን ቀጠሮ አይጠብቁም። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው ጆሮ ግንዱ አካባቢ አዲስ ራስ ምታት ከጀመረው፣ ሲያኝክ መንጋጋው ከዛለ፣ ዓይኑም መደብዘዝ ከጀመረ፣ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችልና ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሚዩን ይሂድ። አፍ ከተጣመመ፣ ፊት በአንድ በኩል ከወረደ፣ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተያያዘ ወዲያው 101 ይደወል። «ንፋስ መታው» ተብሎ እስከ ጠዋት አይጠበቅ። አፍ መጣመም ሁልጊዜ የአንጎል ደም መቋረጥ ነው ማለት አይደለም፤ የፊት ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው ነርቭ ብቻውን የሚታመምበት ጊዜም አለ። መለየት ያለበት ግን ሐኪም ነው።

ወደ ቃላችን እንመለስ። ለሐኪሙ የምትነግሩትን በዕብራይስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር አዘጋጅተናል፤ ብትችሉ በቃላችሁ ያዙት፦ «ክሞ ዜሬም ኻሽማል ባፓኒም፣ ካማ ሽኒዮት፣ ራክ ቤጻድ ኤኻድ።» ትርጉሙ «ፊቴ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፣ ለጥቂት ሴኮንድ ነው፣ በአንድ በኩል ብቻ ነው» ማለት ነው። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ስድስት ወር ታሳጥራለች ብንል ብዙ አላጋነንም።

ትርጉምን በተመለከተ ወላጆችን አንድ ነገር እንለምናለን። የ11 ዓመት ልጅ አያቱን ይዞ ክሊኒክ ሲሄድ እናያለን። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ዕብራይስጡም ከእኛ ይበልጣል። ነገር ግን «ይለበልበኛል» የሚለውን የአማርኛ ቃል ራሱ አያውቀውም። አያትየውም በልጅ ልጃቸው ፊት ሕመማቸውን አይዘረዝሩም፤ ልጁን ላለማስደንገጥ «ደህና ነኝ» ይላሉ። ስለዚህ ትልቅ ሰው ይሂድ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የሕክምና ተቋማት ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ እንዲረዱት ማድረግ አለባቸው። ስለዚህ ቶር ስትይዙ «ቲርጉም ሌአምሃሪት» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሚኒስቴሩ «ኮል ሃብሪኡት» የስልክ መስመር፣ *5400፣ በአማርኛም ይመልሳል። በየክሊኒኩ መገሼር ወይም መገሼሬት ካለም ከእናንተ ጋር መግባት ሥራቸው ነው፤ ውለታ አይደለም። በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግም የሕክምና ማብራሪያ የማግኘት፣ የሌላ ሐኪም ሐሳብ የመጠየቅና የሕክምና መዝገብን ቅጂ የመውሰድ መብት ይሰጣችኋል።

ሌላም ትርጉም የሚያሳስተው ነገር አለ። እኛ «ልቤ ተቃጠለ» ስንል ማዘናችንን ነው፤ ተርጓሚው ቃል በቃል ሲያስተላልፈው ሐኪሙ የልብ ምርመራ ያዛል። እንዲሁ «ራሴን ያዞረኛል»፣ «ፊቴን ያዘኝ» ማለትም ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። በጣት ማሳየት ከሁሉ ይሻላል። ሕመሙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳትነኩት በጣታችሁ አሳዩ። አንዳንዶች ሕመሙ ሲመጣ ፊታቸው ይኮማተራል፣ ንግግራቸው ይቋረጣል፤ ልጆች ይህንን በስልክ ቀርጸው ለሐኪሙ ቢያሳዩ እናቲቱ ከፈቀዱ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ብዙዎቻችሁ ሱዳንን በእግራችሁ ያቋረጣችሁ ናችሁ። ልጅ ቀብራችሁ መንገድ የቀጠላችሁ አላችሁ። «ይህን ያህል የቻልኩ በጉንጬ ሕመም ሐኪም ላስቸግር?» የሚል ነገር ከአፋችሁ እንሰማለን። «ሆድ ይፍጀው» ማለት በዚያ መንገድ ላይ ሕይወት አትርፏል። እዚህ ግን ያው አባባል ጥርስ እያስነቀለ፣ ምግብ እያስተወ ነው። አባቶቻችን ራሳቸው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል።

አሁን ስለ ሕክምናው። ከቤተሰብ ሐኪማችሁ «ሃፍናያ» ተቀብላችሁ ወደ ነርቭ ሐኪም፣ ወደ «ኔውሮሎግ» ትሄዳላችሁ። ከጥር 1 ቀን 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊሞች፣ ማለትም ከክላሊት፣ ከመካቢ፣ ከመኡሄዴት ወይም ከለኡሚት በአንዱ ዋስትና አለው። ከተማችን ሆስፒታል ስለሌላት ለኤም አር አይ ወይም ለሆስፒታል ክሊኒክ ወደ አሽቀሎን ባርዚላይ፣ ወደ ረኾቮት ካፕላን ወይም ወደ ቤኤር ሼቫ ሶሮካ ልትላኩ ትችላላችሁ። ለዚህ ከኩፓት ሆሊም «ጦፌስ 17» ያስፈልጋል፤ ሳትይዙት አትሂዱ፣ ደጅ ላይ ይመልሷችኋል። ኤም አር አይ አያምም፤ ግን ጩኸት አለው፣ ሳይንቀሳቀሱም መተኛት ያስፈልጋል። ልባችሁ ላይ ማሽን ወይም በሰውነታችሁ ውስጥ ብረት ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

መጀመሪያ የሚሰጠው መድኃኒት ካርባማዜፒን ይባላል፤ «ተግሬቶል» በሚለው ስም ይበልጥ ይታወቃል። ለዚህ ሕመም ጥቅም ላይ መዋል የጀመረው በ1962 ሲሆን እስካሁን ድረስ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። አብዛኞቹ ሕመምተኞች በቀናት ውስጥ ለውጥ ያያሉ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ቤት ያየነው ችግር አለ። ልጅየዋ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ታነብና «እማ፣ ይህ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው» ትላለች። እናት ይደነግጣሉ። በአገራችን የሚጥል በሽታ ስም ምን ያህል እንደሚያስፈራና ለትዳር ሳይቀር እንቅፋት እንደነበረ ታውቃላችሁ። መድኃኒቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ሐኪሙም «አልረዳትም» ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ የሚፈነጥቅ ነርቭን ያረጋጋል፣ ለሁለቱም በሽታዎች የሚሰጠው ስለዚህ ነው። የወሰደው ሰው የሚጥል በሽታ አለበት ማለት አይደለም፤ መውሰዱም በሽታውን አያመጣበትም። (የሚጥል በሽታ ራሱም ቢሆን የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን በሰፊው እንነጋገራለን።)

መድኃኒቱ ሲያም ብቻ የሚዋጥ አይደለም። በየቀኑ በሰዓቱ ይወሰዳል። ሐኪሙ በትንሽ መጠን ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ በቀን 200 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ይሆናል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማዞር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ መንገዳገድ ሊኖር ስለሚችል አረጋውያን ሌሊት ሲነሡ መብራት ያብሩ፣ አልጋ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይነሡ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ሊቀንስ ይችላል፤ በተለይ ለደም ግፊት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይጠንቀቁ። ግራ መጋባት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከፍተኛ ድካም ካለ በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገር። ለዚህም የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ ደም በተደጋጋሚ የሚቀዳው ስለዚህ ነው እንጂ አዲስ በሽታ ስለተገኘ አይደለም። ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይ ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስል አብሮት ካለ፣ ወዲያው ሐኪም ወይም ሚዩን መሄድ ግድ ነው።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋርም ይጋጫል። ለደም ማቅጠኛ «ኩማዲን» የምትወስዱ፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስዱ፣ ማርገዝ የምታስቡ ሴቶች ሁሉ ተናገሩ። ኤሽኮሊት የሚባለው ፍሬና ጭማቂው የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚጨምር ይቅር። ጠላና አረቄም ማዞሩን ያብሳሉ። ከሁሉ በላይ፣ ሕመሙ ጠፋልኝ ብላችሁ በአንድ ቀን አታቁሙት። ለጎረቤትም አታካፍሉት፤ «ለእኔ በጅቶኛልና ውሰጂ» የምንለው ደግነት እዚህ ላይ ይጎዳል። ይህ ካልተስማማ ኦክስካርባዜፒን፣ ላሞትሪጅን፣ ባክሎፌን፣ ጋባፔንቲን የሚባሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። የነገርናችሁ እናት በመጀመሪያው መድኃኒት ጨዋቸው ወርዶ ተንገዳግደው ነበር። ምራታቸው በዚያው ቀን ደወለች፤ ደማቸው ታይቶ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለወጠላቸው። አሁን ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም። በወር አንድ ሁለት ቀን ይመጣል። ዳቦ ግን ይበላሉ።

መድኃኒት ሳይረዳ ሲቀር ቀዶ ሕክምና አለ። አንደኛው ከጆሮ ጀርባ ተከፍቶ የደም ሥሩንና ነርቩን መለየትና በመካከላቸው ቴፍሎን የሚባል ትንሽ ነገር ማስገባት ነው። በአሜሪካ ፒትስበርግ በዚህ መንገድ የታከሙ 1,185 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በ1996 ታትሞ ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ 70 በመቶ የሚሆኑት በጥሩ ሁኔታ ላይ ነበሩ። ከባድ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ ለሁሉም አይሆንም። በዕድሜ ለገፉ ወይም የልብ ሕመም ላለባቸው በመርፌ ወይም በጨረር ነርቩን የማደንዘዝ መንገድ አለ፤ የጨረሩ ውጤት ግን ሳምንታትና ወራት ይወስዳል፤ ፊትም ደንዝዞ ሊቀር ይችላል። «አንጎል ይከፈታል» ሲባል የሚደነግጥ ሰው ይኖራል፤ መደንገጡ ትክክል ነው። ሁለተኛ ሐኪም ጠይቁ፤ ሳትረዱ አትፈርሙ፣ ሳትረዱም እምቢ አትበሉ።

ስለ አገር ቤት መድኃኒት መጠየቃችሁ አይቀርም። ዳማ ከሴ ማሽተት፣ ጤና አዳም በቡና ማድረግ ብዙ ጉዳት የለውም። ግንባር ወይም ጉንጭ ላይ መተኮስ፣ ዋግምት ማድረግ፣ ቅጠል ጨምቆ ፊት ላይ መለጠፍ ግን ሕመሙን ይቀሰቅሳል፣ ቆዳንም ያቆስላል። የሚጠጣ ነገር ካለ ለሐኪሙ ንገሩ፤ አይቆጣችሁም፣ ቢቆጣም ይወቀው። ቄሶቻችን ይጸልዩላችሁ፤ ጸሎትና ክኒን አይጣሉም። ጾምን በተመለከተ፣ በኪፑር ወይም በስግድ ቀን መድኃኒቱን በራሳችሁ አትዝለሉ። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪሙንም ቄሱንም ጠይቁ። ስግድ በኅዳር አካባቢ በኢየሩሳሌም ከፍታ ላይ ስለሚከበር ንፋሱ ብርቱ ነው፤ ጉንጭን በለስላሳ ሻርፕ መሸፈን ይረዳል። ጨርቅ ሲነካው የሚብስበት ሰው ግን ንፋሱ በማይመታበት በኩል ይቁም።

የቤተሰብ ድርሻ ይህ ነው። ምግብ ለስለስ ይበል፤ ሽሮ፣ ፍትፍት፣ ገንፎ፣ ለብ ያለ ሾርባ። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ይቆይ። በጣም ትኩስ ቡናም እንዲሁ። መናገር የሚያማቸው ከሆነ «ለምን ዝም አሉ» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ክብደታቸውን በየሳምንቱ ለኩ። ሕመሙ እንዳለ ሆኖ ከዚህ ጋር መኖርን የሚያስተምር «ሚርፓአት ኬኤቭ» የሚባል የሕመም ክሊኒክ አለ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሥራ መሥራት ያልቻለ ሰው ከሐኪሙ የተጻፈ ዝርዝር ማስረጃ ይዞ የቢቱዋህ ለኡሚን መብቱን ከማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር ይመልከት።

አንድ ነገር በቀስታ እንናገራለን። ይህ ሕመም ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል። አንድ አባት ወይም አንዲት እናት «ከዚህስ ሞት ይሻለኛል» ቢሉ፣ እንደ ወግ ወይም እንደ ምሬት ብቻ አትስሙት። ብቻቸውን አትተዉአቸው፤ በዚያው ቀን ለቤተሰብ ሐኪም ንገሩ። ሌሊት ከሆነ የኤራን መስመር 1201 አለ፤ አደጋ ካለ 101።

ስለ አልማዝ ባለጭራ እንመለስበታለን ብለን ነበር። በዕብራይስጥ «ሻልቤኬት ኾጌሬት» ይባላል። በልጅነት «አባቡኦት ሩዋኽ» ያመጣው ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሰው ሲያረጅ ወይም ሲደክም የሚነሣ ነው። ፊት ላይ በአንድ በኩል የሚለበልብና ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል፤ የቫይረሱ መድኃኒት የሚረዳው ቶሎ ሲጀመር ነው። ዓይን አካባቢ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ በዚያው ቀን። ዘግይቶ የመጣ ሰው ሽፍታው ከደረቀ በኋላ ለወራት የሚለበልብ ሕመም ሊቀርበት ይችላል። «ሺንግሪክስ» የሚባል ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ክትባት አለ፤ ዕድሜያችሁ ከ50 ካለፈ ስለ እሱ በኩፓት ሆሊማችሁ ጠይቁ።

ባለፈው በአነስተኛ ስብሰባ ላይ ይህንኑ ስንናገር አንዲት እናት «ታዲያ ለልጅ ልጆቼ አስተላልፋለሁ?» ብለው ጠይቀውናል። የነርቩ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በዘር መተላለፉም እምብዛም አይታይም። የአልማዝ ባለጭራ ሽፍታ ግን ውኃው እስኪደርቅና ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ሕፃንና ነፍሰ ጡር እንዳይነኩት ይሁን። የነርቩ ሕመም ብቻ ከሆነ የልጅ ልጆቻችሁን ሳሟቸው። የትኛው ጉንጭ እንደሚያማችሁ ንገሯቸውና በሌላኛው በኩል ይሳሟችሁ፤ ልጆች ይህንን ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ይለምዱታል።